እቴቴን የማያውቀው ገበጣ

አጎቴን በኮምፒውተር ልሠራቸው አስቤ ነበር። ሙሉ ሰውየውን አይደለም፤ ገበጣ ፊት ተቀምጠው፣ ፍሬውን በመዳፋቸው እያንከባለሉ፣ ቀጥሎ የትኛውን ጉድጓድ እንደሚያነሡ ሲያስቡ ያለውን ብቻ። ያን ያህሉ ይበቃኛል ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያህሉም ለእኔ የበዛ ነበር።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ ሞባይል እጠግናለሁ። ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ስክሪኑ ተሰብሮ ባለቤቱ የተወውን ላፕቶፕ ከአሮጌ ሞኒተር ጋር አገናኘሁና፣ ከሰው ሰው በፍላሽ የሚዞሩ የትምህርት ቪዲዮዎችን እያየሁ ፕሮግራም መጻፍ ለመድሁ። ኢንተርኔት ለወራት በሚጠፋበት ጊዜ ያለኝን ደጋግሜ ከማየት ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ፣ ያየሁትን በደንብ አውቀዋለሁ።

ከቪዲዮዎቹ በአንዱ አንድ መምህር፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚሠሩ ሰዎች በሁለት መንገድ እንደሚሄዱ ሲናገር ሰማሁ። አንደኞቹ ማሽኑ ሥራውን ከሰው አስበልጦ እንዲሠራ ይፈልጋሉ። ሁለተኞቹ ማሽኑ ሰው እንደሚያስበው እንዲያስብ አድርገው፣ በዚያ በኩል የሰውን አእምሮ ማጥናት ይሻሉ። ለሁለተኞቹ ማሽኑ ማሸነፉ ብቻ አይበቃቸውም፤ ሰውየው በሚሳሳትበት ቦታ ማሽኑም ካልተሳሳተ ሰውየውን አላገኙትም። ይህን ስሰማ ልቤ ወደ ሁለተኞቹ አደላ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሥራው ላይ ስደርስ ግን አልጠበቅሁትም።

ለዚህ ከአጎቴ የተሻለ ሰው አላውቅም ነበር። ቤታቸው ከቡሬ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ማንኩሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በርበሬና በቆሎ ያርሱ ነበር። ገበጣ ላይ ደግሞ በዚያ አገር የሚረታቸው አልነበረም። ለማኅበር የሚመጡ ካህናት፣ ከገበያ ሲመለሱ የሚያርፉ ነጋዴዎች፣ አልፎ አልፎ ከፈረስ ቤት ዘመድ ጥየቃ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ሁሉም ከግቢው ዋንዛ ሥር ተቀምጠው፣ ተሸንፈው ይነሣሉ።

ጨዋታው እኛ ዘንድ ላም ወለደች ይባላል። አንዱ ወገን ስድስት፣ ሌላውም ወገን ስድስት ጉድጓድ አለው። ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ፍሬ ሁሉ ታነሣና በተከታዮቹ ላይ አንድ አንድ እየጣልህ ትዞራለህ። በመንገድህ አንዱ ጉድጓድ አራት ሲሞላ ላሚቱ ወለደች ማለት ነው፤ ፍሬውን ጉድጓዱ ያለበት ወገን ይወስዳል። የመጨረሻዋ ፍሬህ አራተኛ ሆና ከወደቀች ግን ጉድጓዱ የማንም ይሁን፣ ጥጃው የአንተ ነው። ስለዚህ ብልሃቱ ሁሉ ያለው ሦስት ፍሬ የያዘ ጉድጓድህን ከሌላው ሰው የመጨረሻ ፍሬ መጠበቅ ላይ ነው። አጎቴ ይህን ሲጠብቁ እንደ ዘብ ነበሩ።

በዚያ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ገበጣ ላይ አንቱታ የለም። የተሸነፈ፣ ቄስም ይሁን ሽማግሌ፣ ይሰደባል፤ የተሰደበም አይቀየምም። የአጎቴ ሚስት፣ እቴቴ የምላቸው፣ ባላቸውን ሌላ ጊዜ አንቱ ነው የሚሏቸው። ከሰው ፊትም ብቻቸውን ሲሆኑም እንደዚያው ነበር። ገበጣው ሲዘረጋ ግን አንተ ይሆናሉ፤ ገበጣው ሲነሣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ አንቱ ይመለሳሉ።

ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ እስኪበርድ፣ ሁለቱ ይጫወታሉ። የሚያሸንፉት እቴቴ ነበሩ። ሁልጊዜ አይደለም፤ አጎቴ አንዳንድ ቀን ይረታሉ፣ ያን ቀን እቴቴ ራት እስኪቀርብ ያኮርፋሉ። ግን የሳምንቱ ድምር የእቴቴ ነው። ይህ በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ውኃ መቅጃው ላይ ሴቶቹ ሲያነሡባቸው እቴቴ፣ የገበጣ ወሬ ነውና እዚያም አንቱታውን ትተው፣ የሚመልሱት አንድ ነው፦ «ወንዶቹን ሁሉ እሱ ይጥላቸዋል። እሱን እኔ እጥለዋለሁ። እንግዲህ ደምሩት።»

በበጋው ወራት እሑድ እሑድ እየሄድሁ ጨዋታውን መቅዳት ጀመርሁ። ስልኬን ከወንበር ጋር ባሰርሁት እንጨት ላይ ገበጣውም የተጫዋቾቹ ፊትም እንዲታይ አዘንብዬ እሰቅላለሁ። ወደ ሱቅ ስመለስ ቪዲዮውን እያቆምሁ፣ ማን የትኛውን ጉድጓድ እንዳነሣ፣ ከማንሣቱ በፊት ምን ያህል እንደቆየ እመዘግባለሁ። አጎቴ ነገሩ ይገርማቸው ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው፣ ይህ ልጅ ወደ ሽቦ ሊያስገባኝ ነው ይላሉ። አንድ ቀን፣ ከገቡ በኋላ በርበሬውን ማን እንደሚያርምላቸው አጥብቀው ጠየቁኝ። የሚቀልዱ መሆኑን ያወቅሁት እቴቴ ሲስቁ ነው።

ፕሮግራሙ ከታየው ጨዋታ የሚማር ነበር። የአጎቴን ጨዋታ እየሰጠሁት፣ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ምን ያነሡ ነበር ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ መልሱን እሳቸው በእውነት ካነሡት ጋር አስተያያለሁ። መጀመሪያ ላይ መልሱ እንደ ዕውር በትር ነበር። ቀስ በቀስ እየተሻለው መጣ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ምክንያቱን ስፈልግ ችግሩ በአንድ ወገን መሆኑን አየሁ፤ ከእቴቴ ጋር በተደረጉት ጨዋታዎች። በእነዚያ ጨዋታዎች አጎቴ ሌላ ሰው ናቸው። ሲጠብቁት የኖሩትን ባለ ሦስት ጉድጓድ የእቴቴ የመጨረሻ ፍሬ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ያውም ወዲያው አይደለም። መጀመሪያ ረጅም ጊዜ ያስባሉ፣ ግንባራቸውን ያሻሉ፣ ከዚያ ሌላ ቦታ ጥሩ የሚመስል ነገር ያነሣሉ፤ ጉድጓዱ ክፍት የሚሆነው ሁለት ዙር ቆይቶ ነው። ፕሮግራሜ ከዚህ ምንም ሊማር አልቻለም። አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ለካህኑ አንድ ነገር፣ ለእቴቴ ሌላ ነገር ይሆንበታል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ማን እንደሆነ አልነገርሁትም ነበርና።

ቪዲዮዎቹ ስለዚህ ጉዳይ የሚሉት ግልጽ ነበር፤ የተበላሸ መረጃ ይጣራል። እኔም አጎቴ ከሚስታቸው ጋር ሲጫወቱ ልባቸው ጨዋታው ላይ የለም፣ እያወሩ ነው፣ እየሳቁ ነው ብዬ ደመደምሁ። ቢሆንም በቀጥታ ሳልጠይቅ መጣል አልወደድሁም። አንድ እሑድ እቴቴ ጎረቤት በሄዱበት ነገሩን አነሣሁላቸው። ከእቴቴ ጋር ሲጫወቱ ጉድጓድ ክፍት እንደሚተዉ አይቻለሁ አልሁ። አጎቴ በእጃቸው የነበረውን የጉሎ ፍሬ ወደ ጉድጓዱ መለሱ።

«እሱን ለእኛ ተወው» አሉኝ።

ተውሁት። ከሚገባው በላይ ተውሁት። የላፕቶፑ ዲስክ ትንሽ ስለነበር፣ ከእቴቴ ጋር የተጫወቱትን መዝገብ ብቻ ሳይሆን ቪዲዮውንም ሁሉ አጠፋሁ። ቦታ ተለቀቀልኝ፤ በቦታው አዳዲስ የካህናቱን ጨዋታዎች አስገባሁ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ በፍጥነት ተሻሻለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አጎቴ የሚያነሡትን ጉድጓድ ከእሳቸው ቀድሞ ይነግረኝ ጀመር። በስልኬ ላይ ጭኜ ወስጄ ከራሳቸው ጋር አጫወትኋቸው። አንድ አንድ ተሸናነፉ። አጎቴ ስልኩን አገላብጠው ካዩት በኋላ፣ ሰውየው ጎበዝ መሆኑን፣ ወሬ ግን እንደማያውቅ ተናገሩ። እኔ በደስታ ሰክሬ ስለነበር ወሬ ማወቅ ምን እንደሚያደርግለት አልጠየቅሁም።

በተከታዩ ክረምት አጎቴ ታመሙ። ኩላሊት ነው ተባለ። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ሲከፈት ባሕር ዳር ወሰድናቸው፤ መለስናቸው፤ ሐምሌ ውስጥ ዐረፉ።

በሐዘኑ ሰሞን ለቅሶ ደራሹ ሲመጣ እቴቴ ስለ ባላቸው የሚያወሩት ብዙ ነገር አልነበራቸውም። ደግ ነበሩ፣ አራሽ ነበሩ፣ የሚለውን ለሌሎቹ ተዉት። እሳቸው የሚደጋግሙት ያን የውኃ መቅጃውን ነገር ነበር፤ ይህን ሁሉ ሰው ሲጥል የኖረን ሰው የጣልሁት እኔ ነኝ የሚለውን። ሲናገሩት ፊታቸው ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ መሬቱን እቴቴ ለእኩል አራሽ ሰጥተዋል። ያያቸው ሰው ሁሉ፣ ከዚያ ቤት ለእቴቴ የተረፈላቸው ያ ድል መሆኑን ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ በርበሬ ለቀማ በደረሰበት ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድሁ። ስጡ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሻይ አቅርበውልኝ ሲያበቁ፣ አንዲት ጎረቤታቸው አጎቴ በእኔ ስልክ ውስጥ እንዳሉ እንደነገሯቸው አነሡብኝ፤ እውነት ነው ወይ አሉ። እሳቸው አይደሉም፣ አጨዋወታቸው ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርሁ። እቴቴ ልዩነቱን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከግድግዳው ገበጣውን አውርደው በነጠላቸው ጫፍ አቧራውን ጠረጉት።

ጎረቤቲቱ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው፣ ማቅ ለብሶ ገበጣ ነውር ነው እንዳይሏቸው ሰጋሁና ቀስ ብዬ ተናገርሁ።

«ከባሌ ጋር ነው የምጫወት» አሉ እቴቴ። «ማን ይናገረኛል?»

ከዋንዛው ሥር ተቀመጥን። እቴቴ የራሳቸውን ይጥላሉ፤ እኔ የጣሉትን ወደ ስልኩ አስገብቼ፣ ስልኩ የሚለኝን በአጎቴ ወገን እጥላለሁ። ጥቂት እንደሄድን አንድ ጉድጓድ በእሳቸው በኩል አራት ሞላ። እቴቴ ከዚያ ቀን በፊት ለወራት ባልሰማሁት ድምፅ፣ ፊት ለፊታቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ተናገሩ፦

«ላሜ ወለደች! ገመድ አምጣ እንጂ ምን ታፈጣለህ፣ አንተ ሰውዬ?»

ያን ጊዜ ሥራዬን ወደድሁት። ለዚህ ነበር የደከምሁት አልሁ። ያች ደቂቃ ግን አልቆየችም። ስልኩ የእቴቴን ባለ ሦስት ጉድጓድ እየተከተለ በመጨረሻ ፍሬው ይነጥቃቸው ጀመር። የራሱንም ጉድጓድ አንድ ጊዜ እንኳ ክፍት አይተውም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፉ። ሁለተኛውን ሲጀምሩ አንዳንድ ስድብ ሞክረው ነበር፤ በመሐል አቆሙ። በሦስተኛው ላይ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁኝ እየጣሉ፣ ዓይናቸው ከእጄ አልተነሣም። እጄ የአጎቴን ያደርጋል፤ አጎቴ ለካህናቱ ያደርጉት የነበረውን። እቴቴ ያን አጨዋወት ያውቁታል፤ ከጎን ሆነው ዕድሜ ልካቸውን አይተውታል። ወደ ራሳቸው ዞሮ ግን አይተውት አያውቁም ነበር።

ማቆም ነበረብኝ። ባትሪው አለቀ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን እንደ ልማዴ፣ የጀመርሁትን በትክክል እየመዘገብሁ እስከ መጨረሻው ሄድሁ።

ጨዋታው ሲያልቅ እቴቴ ፍሬውን አልሰበሰቡም።

«ከሌላው ሰው ጋር እንዲህ ነበር?» አሉኝ።

እንዲህ ነበር አልሁ።

«ከእኔ ጋር የተጫወተውን ማሽንህ አላየውም?»

አላየውም አልሁ። ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የመጀመሪያው መልሴ ስለ ዲስኩ ጥበት ነበር፤ እሱ እውነት ነው፤ ግን ሳልጨርሰው አፈርሁ። እንደ ስሕተት ስለቆጠርሁት አጥፍቼዋለሁ አልኋቸው። እቴቴ ገበጣውን ትኩር ብለው አዩት። የተቆጡ አልመሰለኝም። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ እየሄዱ፣ እያንዳንዱን ከሰዓት እንደገና የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል አልሁ፤ ውሸቴን ነበር።

«አልተሳሳተም። እጁን አውቀዋለሁ» አሉ።

ልነሣ ስል አንድ ነገር ጠየቁኝ። እንዲሸነፍልኝ ማድረግ ትችላለህ ወይ አሉ። ቀላል ነው፣ እችላለሁ አልኋቸው። የሚያሳዝነኝ፣ ያን ስል ቀላል መስሎኝ ነበር።

ሱቅ ተመልሼ ብዙ ሞከርሁ። መጀመሪያ ፕሮግራሙ አልፎ አልፎ ደካማውን ጉድጓድ በዘፈቀደ እንዲመርጥ አደረግሁ፤ እንደ ሰካራም ሆነ። ቀጥሎ እቴቴ ወደ ኋላ ሲቀሩ ብቻ እንዲያላላ አደረግሁ፤ ጉድጓዱን ከፍቶ ዓይናቸው ሥር ያስቀምጥላቸዋል። አጎቴ ያደርጉት የነበረው ሌላ ነው። እስከ መጨረሻው ይታገላሉ፤ ያላብባቸዋል፤ በአንድ ፍሬ፣ በሁለት ፍሬ ይሸነፋሉ፤ እቴቴ ድሉን ለፍተው ያገኙታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያሸንፏቸዋል፤ ያም ቢሆን ሳያስቡበት እንዳልነበር አሁን እጠረጥራለሁ። ካህናቱን ከማሸነፍ ይልቅ ይህ የበለጠ ጥበብ ይጠይቃል። ሰውየው የተቃዋሚውን እጅ ብቻ ሳይሆን የተቃዋሚውን ልብ፣ የዛሬውን ድካምና የዛሬውን ኩርፊያ ሁሉ አንብቦ ነበር የሚያነሣው። ያ ሁሉ በቪዲዮው ላይ ነበር። ፊታቸው፣ የግንባራቸው መታሸት፣ ከማንሣታቸው በፊት ወደ እቴቴ ቀና ማለታቸው ጭምር። የሰው አእምሮ አጠናለሁ ብዬ የተነሣሁ ሰው፣ አእምሮው ከሁሉ በላይ የሠራበትን ሰዓት ቆሻሻ ነው ብዬ ጣልሁት። የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ፕሮግራሞችን ሁሉ ሞከርሁ። በላዩ ብዙ ስለጻፍሁበት ምንም አልተረፈም።

ታኅሣሥ ላይ ያለኝን ይዤ ሄድሁ። እቴቴ ተጫወቱና አሸነፉ። ላም ስትወልድላቸው ገመድ አላሉም። ሁለተኛውን ግማሽ ላይ ተዉትና ስልኩን ወደ እኔ ገፉት።

«ይኸ አዘነልኝ» አሉ። «እሱ አዝኖልኝ አያውቅም።»

አጎቴ ታዲያ ምን ያደርጉ እንደነበር ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ከእንግዲህ ስልኩን እንዳላመጣ ነገሩኝ። ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ከዚያ ፍሬውን እኩል አድርገው ለሁለታችን ማከፋፈል ጀመሩ። አንተ ራስህ ተቀመጥ፣ ስታየው ኖረህ ሳትጫወት ትሄዳለህ እንዴ አሉኝ።

ተቀመጥሁ። ያን ያህል ጊዜ ጨዋታውን መርምሬ፣ ከእቴቴ ጋር አንድ ቀን እንኳ ተጫውቼ አላውቅም ነበር። በመሐሉ ላይ ባለ ሦስት ጉድጓዳቸውን አየሁት፤ የመጨረሻ ፍሬዬ በትክክል እሱ ላይ ትወድቃለች። ልተወውም አሰብሁ። ግን እንዴት እንደሚተው አላውቅም፤ ብተወው እንደ ስልኩ እንደማዝንላቸው ወዲያው ያውቁብኛል። አጎቴ ይህን ጉድጓድ እዚህ ቦታ ላይ ስንት ጊዜ አይተው እንዳለፉት አሰብሁ። እጄ ቆሞ ቀረ።

«ተጫወት እንጂ» አሉ እቴቴ። «አንቱ እንድልህ ነው?»

ተጫወትሁ፤ ፍሬውን ወሰድሁባቸው። እቴቴ ቆጥረው፣ አንገታቸውን ነቅንቀው፣ ያለቻቸውን ጣሉ። በመጨረሻም አሸነፍኋቸው። አሸናፊው እኔ ስለሆንሁ መስደብ ነበረብኝ፤ የቤቱ ሕግ ነው። ስድቡ ግን አልመጣልኝም። ያለጊዜው ደመና ከመንገዱ ማዶ እየከበደ ስለነበር እቴቴ ከስጡ በርበሬውን ሊያነሡ ተነሡ፤ እኔም ጆንያውን አፉን ከፍቼ ያዝሁላቸው።